ከቆርቆሮው ወደ ብቅሉ፦ ቢራን ደሴ ላይ ከእህሉ መጥመቅ

ቤት ውስጥ ቢራ መጥመቅ የጀመርኩት በሻንጣ በመጣ ቆርቆሮ ነው። ውጭ አገር የሚኖር የአጎቴ ልጅ ለእረፍት ሲመጣ ጥቂት ቆርቆሮ የብቅል ኤክስትራክት፣ ሆፕ (ቢራን የሚያመርረው አበባ) እና ደረቅ እርሾ ይዞልኝ መጣ። ኤክስትራክቱ ማር የመሰለ ወፍራም ሽሮፕ ነው። ውሃ ውስጥ ትበጠብጡታላችሁ፣ ሆፕ ጨምራችሁ ታፈሉታላችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ እርሾ ትበትኑበታላችሁ። በቃ።

ቆርቆሮው አለቀ። የአጎቴ ልጅም ቶሎ ቶሎ የሚመጣ ሰው አይደለም። አንድ ቀን ይህንኑ ለአክስቴ ሳማርር፣ ቡናዋን ከምትቆላበት ቀና ብላ አየችኝና «ብቅል ሰኞ ገበያ ሞልቶ አንተ በአውሮፕላን ታስመጣለህ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አክስቴ ዕድሜዋን ሙሉ ጠላ ስትጠምቅ የኖረች ሴት ናት። ሽሮፕ ከቆርቆሮ ቀድታ አታውቅም። ሁሌም ከእህሉ ነው የምትነሳው። እኔ «ከባድ ነው» ብዬ የፈራሁትን ነገር እሷ ጓዳ ውስጥ ስትሠራው ነው ያደግኩት።

ከባድ ነው ወይ? በእኔ ግምት የተጨመረው ሥራ አንድ ብቻ ነው። ያ አንድ ሥራ ግን በደንብ ካልገባችሁ እንደኔ ሁለት ሦስት ጊዜ ትከስራላችሁ።

ቆርቆሮው ውስጥ ያለው ነገር እንዲህ የተሠራ ነው። ፋብሪካው ብቅል ይሰባብራል፣ በሙቅ ውሃ ይዘፈዝፋል፣ ጣፋጩን ውሃ ያጠላል፣ ከዚያ ውሃውን አትንኖ ያወፍረዋል። ጣፋጩ ውሃ በጠማቂዎች ቋንቋ ዎርት ይባላል። ከእህሉ ስንጠምቅ ዎርቱን ራሳችን እናወጣለን። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ፣ ሆፑም እርሾውም ጠርሙሱም፣ ከቆርቆሮው ጊዜ ብዙም አይለይም።

በነገራችን ላይ አማርኛችን እዚህ ጋ ያምታታል። ድስቱም ይፈላል፣ ጠላውም ይፈላል። እኔ «መፍላት» ስል እሳት ላይ ያለውን ነው። እርሾው የሚሠራውን «መብላላት» እለዋለሁ።

ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የገብስ ፍሬ በአብዛኛው ስታርች ነው። ስታርችን እንደ ረጅም መቁጠሪያ አስቡት። እያንዳንዷ ፍሬ አንዲት ስኳር ናት። እርሾ ደግሞ አፉ ትንሽ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ፍሬ የተያያዘውን ይውጣል እንጂ ሙሉውን መቁጠሪያ አይችለውም። ስለዚህ መቁጠሪያው መበጠስ አለበት።

የሚበጥሰው ኤንዛይም ነው። የሚያመጣውም ገብሱ ራሱ ነው። ፍሬው ረጥቦ ማቆጥቆጥ ሲጀምር፣ ቡቃያው የሚበላው እንዲያገኝ ብሎ መቀሱን ያዘጋጃል። እኛ ደግሞ ሊበላ ሲል እናደርቀዋለን። ብቅል ማለት ይኸው ነው፤ መቀሱን ስሎ ሳይቆርጥ የተያዘ ገብስ።

መቀሶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው። ቤታ አሚሌዝ ከመቁጠሪያው ጫፍ ተነስቶ ሁለት ሁለት ፍሬ ይለቅማል። አልፋ አሚሌዝ መሃል ገብቶ ያገኘበት ቦታ ይበጥሳል። ቤታ የሚመቸው ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። አልፋ ከ68 እስከ 72። ብቅላችሁን 64 ዲግሪ ላይ ከያዛችሁት ቤታ ብዙ ስለሚለቅም እርሾው የሚበላው ይበዛል። ቢራው ቀጠን ያለ፣ ደረቅ፣ አልኮሉ ከፍ ያለ ይሆናል። 68 ላይ ከያዛችሁት እርሾ የማይውጣቸው ረዘም ያሉ ቁርጥራጮች ይተርፋሉ። ቢራው ወፈር ይላል፣ ትንሽ ጣፈጥ ይላል። መሃሉን ለሚፈልግ 66። ከ70 ካለፋችሁ ቤታ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። 78 አካባቢ ስትደርሱ አልፋም ይከተለዋል። የሞተ ኤንዛይም ደግሞ ብታቀዘቅዙትም አይመለስም።

እዚህ ላይ ከቆርቆሮው ጋር ያለው ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቆርቆሮ ስትገዙ ይህን ምርጫ ፋብሪካው ጨርሶላችኋል። ቢራው ይቅጠን ይወፍር የሚለውን ሌላ ሰው ወስኖላችኋል። ከእህሉ ስትነሱ በ4 ዲግሪ ልዩነት ሁለት የተለያየ ቢራ ታወጣላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ስታርቹ ራሱ ካልላላ መቀሱ አይገባበትም። የገብስ ስታርች ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ለገብስ መዘፍዘፊያው ሙቀት ራሱ ይበቃዋል ማለት ነው። የማሽላና የበቆሎ ስታርች ግን ከዚያ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ከቆቦ የመጣ ማሽላ ልጨምርበት ካላችሁ መጀመሪያ ለብቻው አብስሉት። አክስቴ እንኩሮ ምጣድ ላይ የምታበስለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። እሷ ኤንዛይም የሚባል ቃል ሰምታ አታውቅም። እጇ ግን ያውቀዋል።

«ታዲያ ጠላ በቀዝቃዛ ውሃ ተጠንስሶ እንዴት ይሆናል?» ትሉ ይሆናል። ጠላ ውስጥ እንኩሮው ወይም ቂጣው ቀድሞ በስሏል። ጋኑ ውስጥ ደግሞ ብቅሉ ስታርቹን ይበጥሳል፣ እርሾው እዚያው እግር በእግር እየተከተለ ይበላል። ሁለቱ ሥራ በአንድ ዕቃ፣ በቀናት ውስጥ፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ቢራ ላይ ሁለቱን እንለያያለን። መጀመሪያ በአንድ ሰዓት ሙቀት ስኳሩን እናወጣለን፣ አፍልተን ኤንዛይሙን እንገድላለን፣ ከዚያ ለእርሾ እንሰጣለን። የቢራው ወጥነት የሚመጣው ከዚህ መለያየት ነው።

አሁን ኪሳራዬን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያውን ጥመቃ ያበላሸሁት ጎበዝ ልሁን ብዬ ነው። «ቴርሞሜትራችሁን በሚፈላ ውሃ ፈትኑት፣ 100 ማሳየት አለበት» የሚል ምክር አንብቤ ነበር። ውሃ አፈላሁ። ቴርሞሜትሩን ነከርኩ። 92 ላይ ቆመ። እሳቱን ጨመርኩ። ውሃው እየተንተከተከ ይዘላል፣ ቁጥሩ ንቅንቅ የለም፤ 92። «አሃ! 8 ዲግሪ አጉድሎ ነው የሚያሳየው» አልኩና ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ «+8» ብዬ ጻፍኩ። 66 ዲግሪ ስፈልግ 58 ሲል እሳቱን አጠፋሁ።

ቴርሞሜትሩ ግን ልክ ነበር። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከፍ ባላችሁ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፣ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ የውሃ መፍያ 92 አካባቢ ነው። ኮምቦልቻ፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርዳችሁ፣ 94 አካባቢ ይሆናል። 100 የሚፈላው ባሕር ዳርቻ ላይ ነው። እኔ ጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጬ የባሕር ዳርቻ ሰው ምክር ተከተልኩ። ቴርሞሜትር መፈተሽ ከፈለጋችሁ በበረዶ ውሃ ይሻላል፤ ዜሮ ዜሮ ነው፣ የትም ብትሆኑ።

ብቅሌ 58 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት ተቀመጠ። ስታርቹ ገና አልላላም። ከፋርማሲ የገዛሁትን አዮዲን አወጣሁ። ነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ አንድ ማንኪያ ዎርት አፈሰስኩ፣ አንዲት ጠብታ አዮዲን አከልኩ። አዮዲን ስታርች ካገኘ ጥቁር ሰማያዊ ይሆናል፤ ካላገኘ እንደ ነበር ቡናማ ሆኖ ይቀራል። የኔ የብዕር ቀለም መሰለ። ሌላ ግማሽ ሰዓት ጠበቅኩ፣ ያው ቀለም ነው። ተስፋ ሳልቆርጥ ቀጠልኩ። የወጣው ቢራ ደፍራሳ፣ ውሃ ውሃ የሚል ነገር ነበር። እናንተ ይህን ፈተና አትዝለሉት፣ ዋጋው ኢምንት ነው። የተፈተነውን ግን መልሳችሁ ድስት ውስጥ አትጨምሩ፣ አዮዲኑ አይጠጣም።

ሁለተኛው ኪሳራ ወፍጮ ቤት ነው የደረሰብኝ። ባለወፍጮው ብቅል ሲያይ ለጠላ መስሎት ድቅቅ አድርጎ ፈጨልኝ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልነገርኩትም። ለቢራ ብቅል ይከካል እንጂ አይፈጭም። ልክ እንደ ምስር ክክ፣ ፍሬው ሁለት ሦስት ቦታ ይሰነጠቅ፣ ገለባው ግን ሳይደቅ ይቅር። ገለባው ነው ኋላ እንደ ማጥለያ ሆኖ ውሃውን የሚያሳልፈው። የኔ ዱቄት ከረጢቱ ውስጥ አጥሚት ሆነ። አንጠልጥዬው ቆምኩ፣ ጠብ አይልም። በሦስተኛው ደግሞ ፈርቼ በጣም ሻካራ አስከካሁት። ግማሹ ፍሬ ሳይሰነጠቅ ቀረና ስኳሩ ውስጡ ታጉሮ ተጣለ። አሁን «ድንጋዩን አላላልኝ፣ ሙሉ ፍሬ አይታይ፣ ዱቄትም አይብዛ» እላለሁ። የመጀመሪያዋን እፍኝ እዚያው ዘርግቼ ሳላይ ከወፍጮ ቤት አልወጣም።

ስለ ብቅሉ ራሱ። ገበያ ላይ የምታገኙት በፀሐይ የደረቀ ነው። ፋብሪካ ብቅልን በመጨረሻ 80 ዲግሪ አካባቢ በሆነ ደረቅ ሙቀት ያደርቃል። ያ ሙቀት ጥሩ ሽታ ይሰጠዋል፣ ከኤንዛይሙም ትንሽ ይቀንሳል። የፀሐይ ብቅል ኤንዛይሙ ብዙ ነው፣ ጣዕሙ ግን ሣር ሣር ይላል። ስትገዙ አንዷን ፍሬ ንከሱ። ቀጭ ብላ ከተሰበረችና ከጣፈጠች ጥሩ ነው። እንደ ድንጋይ ከጠነከረች ሳትበቅል የቀረች ናት። ቡቃያው ከፍሬው አልፎ ረዝሞ ከወጣ ስኳሩን ቡቃያው በልቶታል። ሻጋታ ከሸተታችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ሥሩን፣ ያንን ጢም የመሰለውን፣ በእጃችሁ አሽታችሁ በወንፊት አስወግዱት፤ ይመራል።

ቀለም ከፈለጋችሁ አሻሮ አለላችሁ። ግን አሻሮና ብቅልን አታምታቱ። አሻሮ ተቆልቷል። ኤንዛይሙ ምጣድ ላይ ቀርቷል። ጣዕምና ቀለም ይሰጣል እንጂ መቁጠሪያ አይበጥስም። 5 ኪሎ ብቅል ላይ 200 ግራም አሻሮ ለኔ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ስንት ኪሎ? በፋብሪካ ብቅል፣ በጥሩ አያያዝ፣ 1 ኪሎ ሽሮፕ ኤክስትራክት በ1.4 ኪሎ ብቅል ገደማ ይተካል። ዱቄት ኤክስትራክት ከሆነ በ1.7 ገደማ። ለሰኞ ገበያ ብቅል ግን እስከ 2 ኪሎ አስቡ። እኔ በ5 ኪሎ ብቅል 20 ሊትር ዎርት አውጥቼ፣ በዚያ ሻካራ ክክ ሃይድሮሜትሩ (ዎርቱ ውስጥ ያለውን ስኳር የሚለካው) 1.038 አለኝ። ክኩን ሳስተካክል፣ ያው ብቅል፣ ያው ውሃ፣ 1.046 አለ። ከወፍጮው ሌላ የቀየርኩት ነገር የለም።

አንድ ቆርቆሮ የቀራችሁ ካላችሁ ደግሞ በአንድ ጊዜ አትዝለሉ። 3 ኪሎ ብቅል በ9 ሊትር ውሃ፣ 15 ሊትር በሚይዝ ድስት ዘፍዝፉ፤ ዎርቱን አጥልሉና ቆርቆሮውን ጨምሩበት። ብቅሉ ቢበላሽባችሁ እንኳ ቆርቆሮው ግማሹን ያድንላችኋል። እኔ ይህን የሚመክረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ግድግዳዬ ላይ «+8» ባልተጻፈ።

ሙሉውን ከእህል ለመሥራት 40 ሊትር የሚይዝ የድግስ ድስት ይበቃል። እኔ የምሠራው በከረጢት ነው። ስስ የመጋረጃ ጨርቅ በድስቱ ልክ አሰፍታችሁ ድስቱ ውስጥ ትዘረጋላችሁ፣ ብቅሉን ከረጢቱ ውስጥ ትዘፈዝፋላችሁ፣ ሲያልቅ ከረጢቱን ታነሳላችሁ። ሁለተኛ ዕቃ አይጠይቅም። ለ20 ሊትር ቢራ 28 ሊትር ውሃ እጀምራለሁ። ብቅሉ 3 ሊትር ተኩል ገደማ ጠጥቶ ይቀራል፣ ሲፈላ 3 ሊትር ይተናል፣ የቀረው ድስት ሥር የሚቀር ዝቃጭ ነው። የቧንቧ ውሃ ከሆነ ማታውን ክፍት ዕቃ ውስጥ አሳድሩት። ክሎሪኑ ካልወጣ ቢራው መድኃኒት መድኃኒት ይላል።

ውሃው 66 ሲደርስ ብቅል ብትጨምሩ ቀዝቃዛው እህል ያወርደዋል። ስለዚህ 70 ሲል እሳቱን አጥፉና ብቅሉን እየበተናችሁ አማስሉ። 66 አካባቢ ያርፋል። ውሃው ካነሰ፣ ለምሳሌ በኪሎ 3 ሊትር ብቻ ከሆነ፣ ከ72 እስከ 73 ጀምሩ። ጓል እንዳይኖር በደንብ አማስሉ፣ የጓል ውስጡ ደረቅ ነው። ከዚያ ክደኑትና በጋቢ ጠቅልሉት። ሁለት ጋቢ ከሆነ የተሻለ። እኔ ጋ በሰዓት ከ2 ዲግሪ በላይ አይወርድም። መብራት ቢጠፋም ግድ የለም፣ እሳት አያስፈልገውም። የደሴ ሰው ይህ ምን ያህል እፎይታ እንደሆነ ይገባዋል።

ከአንድ ሰዓት በኋላ አዮዲኑን ፈትኑ። ቡናማ ከሆነ ከረጢቱን አንሱ፣ ይንጠባጠብ፣ በወፍራም ጓንት ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። ብቅሉን በሙቅ ውሃ ካለቀለቃችሁት ውሃው ከ77 ዲግሪ አይለፍ። ካለፈ ከገለባው አፍ የሚያኮማትር ነገር ይወጣል። በዚህ ሰዓት አንድ ብርጭቆ ቅዱና ቅመሱ። ጣፋጭ ነው፣ አልኮል የለውም። መጠጥ የማይነካው ጎረቤቴ «ይሄንንስ እዚሁ ላይ አቁመህ ስጠኝ» እያለ በየጊዜው አንድ ብርጭቆ ይወስዳል።

መፍላቱ ላይ ከፍታው እንደገና ይመጣል። የሆፕ መራራ የሚወጣው በሙቀት ነው። 92 ዲግሪ ላይ ያ ለውጥ ከ100 ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ፍጥነት ገደማ ነው የሚሄደው። የውጭ አገር አሠራር «60 ደቂቃ አፍሉ» ቢል እኔ 90 አፈላለሁ። ሌላም ምክንያት አለኝ። ብዙ ያልሞቀ ብቅል፣ የፀሐይ ብቅል በተለይ፣ ሲፈላ የተቀቀለ በቆሎ የሚመስል ሽታ ያወጣል። ሽታው በእንፋሎት እንዲሄድ ድስቱን አትክደኑ። ቆርቆሮው ላይ ይህ ችግር እምብዛም አልነበረም፣ ፋብሪካው ሲያወፍረው አብሮ አትንኖታል። መጀመሪያ ሲፈላ ይገነፍላል፤ ስልካችሁን አስቀምጡና አጠገቡ ቁሙ።

ሆፕ ሲያልቅ ጌሾ ይሆናል ወይ የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ይመራል፣ አዎ። ጣዕሙ ግን ሌላ ነው፣ ከጠላም ከቢራም መሃል ይወድቃል። መጥፎ አይደለም። መጀመሪያ ግን በሆፕ ጀምሩ፣ አለበለዚያ ስህተቱ ከብቅሉ ይሁን ከጌሾው አታውቁም።

ከዚህ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። ከ20 እስከ 22 ዲግሪ አቀዝቅዙ፣ እርሾ ጨምሩ፣ ከ18 እስከ 20 ባለ ቦታ ይብላላ። ለዚህ የደሴ ቤት ተመችቷል፣ ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን በቀዝቃዛ ውሃ ዙሪያውን ክበቡት። ከፈላ በኋላ ዎርቱን የሚነካ ነገር ሁሉ ንጹሕ ይሁን። አክስቴ ጋኗን በግራዋ ቅጠል ፈትጋ በወይራ ሳታጥን ውሃ አታስገባበትም። እኔ በበኩሌ የማጽጃ ፈሳሽ አለኝ፣ ጥንቃቄው ግን ያው ነው።

ሰዓቱን ልደብቃችሁ አልችልም። በቆርቆሮ ሦስት ሰዓት ይበቃኝ ነበር። አሁን ከጠዋት እስከ ቀትር አልፎ ስድስት ሰዓት እቆማለሁ፣ ድስት ማጠቡን ሳንቆጥር። ልጆች ያሏችሁና ቆርቆሮ በቅናሽ የምታገኙ ከሆናችሁ በቆርቆሮ መቀጠል ነውር አይደለም።

ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን አትጣሉት። ሆፕ ያልነካው አተላ ስለሆነ በግ ይበላዋል። እዚህ ብርድ ላይ እንኳ በሁለተኛው ቀን መኮምጠጥ ስለሚጀምር በዕለቱ ነው መሰጠት ያለበት። ከታች ያለችው ጎረቤቴ አሁን አትጠይቀኝም። ቅዳሜ ከግቢዬ ጢስ ሲነሳ ካየች ከሰዓት በኋላ ባልዲዋን ይዛ ትመጣለች።